እንጅባራ ውስጥ ድመታችንን ላተረፈችልን የእንስሳት ሐኪም ምስጋናና ጥቆማ

እንጅባራና አካባቢው ያላችሁ ሰዎች፣ ድመት ቢታመምባችሁ የምትሄዱባት ጎበዝ ሐኪም አለች። ይህን የምጽፈው ላመሰግናት ነው። ደግሞም ድመት ልቡን እንደሚታመም የሰማ ሰው በአካባቢያችን ጥቂት ስለሆነ፣ ያየሁትን ዘርዘር አድርጌ ልንገራችሁ።

የታመመው ዳማ ነው፣ የእናቴ ድመት። ጎተራውን ከአይጥ የሚጠብቀው እሱ ነው። መጀመሪያ ያየነው ትንፋሹን ነው፤ ተኝቶ እንኳን ሆዱ ቶሎ ቶሎ ከፍ ዝቅ ይላል። ሳል የለውም። ውሻ ልቡ ሲደክም ያስል ይሆናል፣ ድመት ግን አብዛኛውን ጊዜ አያስልም፤ ዝም ብሎ ጥግ ይዞ ይተኛል። ከዚያ አንድ ቀን አፉን ከፍቶ መተንፈስ ጀመረ። ድመት እንዲህ ካደረገ ነገ እንወስደዋለን አይባልም፣ በዚያው ሰዓት ነው።

መጀመሪያ የወሰድንበትን ቦታ ስም አልጠራም። «ብርድ ነው» ተባለና መርፌ ተወጋ፣ ቀጥሎ ግሉኮስ ይሰጠው ሲባል እናቴ እምቢ አለች። እንኳንም አለች። ልቡ ደክሞ ውሃ ለቋጠረ ድመት በደም ሥር ፈሳሽ መጨመር ማለት ማባባስ ነው።

ዶክተሯ ጋ ስንደርስ ያደረገችው ነገር ገረመኝ። ዳማን አልነካችውም። ቅርጫቱን ጸጥ ያለ ክፍል ውስጥ አስቀምጣ፣ በነጠላ ሸፍና፣ ከሩቅ ሆና አተነፋፈሱን ብቻ ታይ ነበር። ትንፋሽ ያጠረው ድመት ተይዞ ሲታገል እጅ ላይ ሊሞት ይችላል አለችን። እስኪረጋጋ ድረስ እናቴን ትጠይቃት ጀመር፦ «እማማ፣ ምንድን ነው የሚያበሉት? በጾም ጊዜስ?»

የጾሙ ጥያቄ ለካ ቁም ነገር ነው። ድመት ታውሪን የሚባል ንጥረ ነገር ከሥጋና ከዓሣ ማግኘት አለበት፤ ሰውነቱ በበቂ መጠን አይሠራውም። እሱ ሲጎድል ልቡ እየሰፋ ይደክማል፣ ይህም በምርምር የታወቀው በ1987 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ደስ የሚለው፣ ቶሎ ከተደረሰበት ታውሪን ሲሰጠው የሚያገግም የልብ ድካም ነው። እኛ ቤት በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሥጋ አይገባም፣ ድመቱም የሽሮ ፍትፍት ነው የሚደርሰው። ዳማ ግን አይጥ አዳኝ ነው፣ አይጥ ደግሞ ታውሪን ሞልቶታል። ስለዚህ ይህኛው ምክንያት ሊሆን እንደማይችል ገመተች። አይጥ የማያድን፣ ቤት ውስጥ ብቻ የሚኖር ድመት ያላችሁ ግን በጾምም ቢሆን ከሥጋ ቤት ትንሽ ልብ ወይም ሥጋ ግዙለት።

ከዚያ ማዳመጫውን ደረቱ ላይ አድርጋ ረጅም ጊዜ ሰማችው። ሐኪም ቤት የገባ ድመት ልቡ በደቂቃ ከ140 እስከ 220 ቢመታ ያለ ነው። በምቱ መሀል ሹሽ የሚል ድምፅ መሰማቱ ብቻውን በሽታ አለ አያሰኝም፣ ጤነኛ ድመትም ላይ ይሰማል፤ ድምፁ የሌለበት ድመት ደግሞ በጠና ታሞ ሊገኝ ይችላል። እሷን ያሳሰባት ሌላ ነው፦ ከሁለቱ ምቶች ላይ የተደረበ ሦስተኛ ምት። ልክ እንደ ፈረስ ግልቢያ ነው አለች። ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች ሲጋልቡ የሰማ ሰው ይህን አይስተውም። አንገቱን ዳሰሰች፣ ምክንያቱም በእድሜ የገፉ ድመቶች ላይ የታይሮይድ ዕጢ ሥራ ሲበዛ ልብን ያወፍራል፤ ደም ግፊትም እንደዚሁ። ዓይኑንም በመብራት አየች። የኋላ እግሮቹን በውስጥ በኩል ይዛ የደም ምቱን በሁለቱም እግር አመሳከረች።

አልትራሳውንድ አላት፣ የላም እርግዝና የምታይበት። እሱን ደረቱ ላይ ስታደርገው በሳንባው ዙሪያ ውሃ መቋጠሩ ወዲያው ታየ። የልቡ የግራ ላይኛው ክፍልም በጣም ሰፍቷል አለች። በድመት ላይ በብዛት የሚገኘው የልብ በሽታ የልብ ጡንቻ መወፈር ነው፤ ከመቶ 15 የሚሆኑ ድመቶች እንዳለባቸው ይገመታል፣ ብዙዎቹም ምልክት ሳያሳዩ ይኖራሉ። የግራው የታችኛው ክፍል ግድግዳ ልቡ ዘና ሲል 6 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ ወፍሯል ይባላል። ውፍረቱ ስንት ነው ብዬ ስጠይቃት «በዚህ ማሽን ለክቼ ቁጥር ብነግርሽ መዋሸት ይሆንብኛል፤ ለእሱ የልብ መሣሪያና በሙያው የሠለጠነ ሰው ያስፈልጋል» አለችኝ። ሙሉ በሙሉ ያመንኳት ያኔ ነው። ያየችውን አየሁ አለች፣ ያላየችውን አልጨመረችም። ብዙ ሐኪም ቤት ገብቻለሁ፣ ለሰውም ለከብትም፣ እንዲህ ዓይነት መልስ እንደልብ አይገኝም።

ውሃውን በቀጭን መርፌ ቀስ እያለች ቀዳችው። መግል አለመሆኑን በብርሃን አሳየችን፣ ምክንያቱም ደረት ውስጥ ፈሳሽ የሚቋጠረው በኢንፌክሽንም ነው። ውሃው እየወጣ ሲሄድ ዳማ አፉን ገጠመ። እናቴ አለቀሰች።

ከዚያ ውሃ የሚያሸናውን ፉሮሴማይድ አዘዘችለት፣ ደም እንዳይረጋም ክሎፒዶግሬል። ሁለቱም በሰው ፋርማሲ የሚገኙ ናቸው። መጠኑን ግን እዚህ አልጽፍም፤ በክብደቱ ተሰልቶ ነው፣ የሰው መድኃኒት ነው ብላችሁ በግምት እንዳትሰጡ። ፓራሲታሞልማ ድመት ይገድላል። በሽታው ድኖ የሚጠፋ እንዳልሆነም ሳትሸሽግ ነገረችን።

የቤት ሥራ የሰጠቻት ለእናቴ ነው። «እማማ፣ ድብን ብሎ ሲተኛ ትንፋሹን ይቁጠሩልኝ። በደቂቃ ከ30 በታች ከሆነ ጥሩ ነው፣ እየደጋገመ ካለፈ ይደውሉልኝ።» ደረቱ ወጥቶ ሲገባ አንድ ይባላል። እናቴ በመቁጠሪያዋ ነው የምትቆጥረው፣ የልጅ ልጇ በስልክ ደቂቃዋን ይይዝላታል። እስካሁን ከ30 በታች ነው፣ ዳማም ወደ ጎተራው ተመልሷል።

አንድ ነገር ልጨምር። ድመታችሁ በድንገት የኋላ እግሮቹ ሽባ ቢሆኑ፣ ቢቀዘቅዙ፣ በሕመም ቢጮህ፣ እባብ ነደፈው ወይም ሰው መታው ብላችሁ አትቀመጡ። ከልብ የተነሳ የረጋ ደም የእግሩን ደም ሥር ዘግቶት ሊሆን ይችላል። በጣም ያማል፣ ማስታገሻ ያስፈልገዋል፣ ሩጡ።

ዶክተር፣ እግዜር ይስጥልኝ። እናቴም በጸሎቷ አትረሳሽም።

ስሟን አደባባይ ላይ እንዳልጽፍ ስለጠየቀችኝ ስልኳን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ጠዋት ጠዋት ለከብትና ለፈረስ ገጠር ስለምትወጣ ሳትደውሉ አትሂዱ። ድመቱን ክዳን ባለው ቅርጫት ያዙት፣ ከላይ ጨርቅ ጣል አድርጉበት። ተኝቶ ሲተነፍስ በስልክ ቪዲዮ ቀርጻችሁ ከሄዳችሁ ደግሞ እሱን ነው መጀመሪያ የምታየው።