«ሙሉ ፓኬጅ» የሚባለውን የጠጠር ኦፕራሲዮን ከመክፈላችሁ በፊት

«የኩላሊት ጠጠር በሌዘር፣ ሳይቀደድ፣ በሙሉ ፓኬጅ!» ይህን ማስታወቂያ ቴሌግራም ላይ ሳታዩት አልቀራችሁም። የእህቴ ባል በዚሁ ዋጋ ተስማምቶ ገባ። ጠጠሩ በእርግጥ ወጣለት። ጉዱ የመጣው በኋላ ነው።

ጠጠሩ በሌዘር ከደቀቀ በኋላ ሐኪሞች ብዙ ጊዜ ስቴንት ያስገባሉ። ከኩላሊት እስከ ፊኛ የሚደርስ፣ ሁለቱም ጫፉ የተጠቀለለ ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ነው። የሽንት ቧንቧው አብጦ እንዳይዘጋ ይረዳል፤ መግባቱ ችግር የለውም። ግን እንደ ጠጠሩ ፍርፋሪ ከሽንት ጋር አይወጣም፣ ሐኪም ነው የሚያወጣው። ብዙ ጊዜ በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ይወጣል፤ አብዛኞቹ ከ3 ወር በላይ መቆየት የለባቸውም። ከተረሳ ጠጠር ይጋገርበታል፣ ኢንፌክሽን ያመጣል፣ ኩላሊቱን እስከ ማጥፋት ይደርሳል። ያኔ ጎትቶ ማውጣት ብቻ ላይበቃ ይችላል፣ ሌላ ኦፕራሲዮን ይከተላል።

«ሙሉ» የተባለው ፓኬጅ ታዲያ ማስወጫውን አይጨምርም! ሰውየው ይህን የሰማው ሽንቱ እያቃጠለው፣ ጎኑን እየወጋው ተመልሶ ሲሄድ ነው። «እሱ ለብቻው ይከፈላል» አለችው ካሸሯ፣ ቀና እንኳ ሳትል። ሲወጣ የተሰጠውን ወረቀት አገላብጠን አየነው። ስቴንት የሚል ቃል የለበትም፣ የቀጠሮ ቀንም የለበትም።

እና ብር ከመቁጠራችሁ በፊት ስቴንት ይገባ እንደሆነ፣ መቼ እንደሚወጣና ማስወጫው በዋጋው ውስጥ መኖሩን በጽሑፍ ይስጧችሁ። የሽንት ካልቸር (ሽንት ውስጥ ባክቴሪያ መኖሩን የሚያሳይ የላብራቶሪ ምርመራ) አስቀድሞ መሠራቱንም ጠይቁ። ሽንት ውስጥ ባክቴሪያ እያለ ጠጠር ከተነካ ኢንፌክሽኑ ወደ ደም ገብቶ ሊገድል ይችላል። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ካላችሁ ቀጠሮ አትጠብቁ፣ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ነው።

«ጠጠር የሚያሟሟ» እየተባለ የሚሸጠው ዱቄትማ ሌላው ጉድ ነው። ከዩሪክ አሲድ የሚሠራው ጠጠር በሐኪም መድኃኒት ሊሟሟ ይችላል፤ በብዛት የሚያጋጥመው የካልሲየሙ ግን አይሟሟም። ይባስ ብሎ ሽንቱ ደም የቀላቀለበትን ሰው ሁሉ «ጠጠር ነው» ብለው ይሸጡለታል። ያለ ህመም የሚመጣ ደም የኩላሊት ወይም የፊኛ ካንሰር ምልክት ሊሆን ስለሚችል፣ በአልትራሳውንድ ወይም በሲቲ ስካን ሳይታይ ዱቄት መጠጣት ጊዜ ማቃጠል ነው።

ከዚህ በፊት ተሠርታችሁ ስቴንቱ መውጣቱን እርግጠኛ ካልሆናችሁ ደግሞ ተራ የሆድ ራጅ ያሳየዋል። ዛሬ ነገ ሳትሉ ተነሡ።