የአባዬ ማርቸዲስና የ19 ቀኑ ጋራዥ

ይህን የምጽፈው ለእረፍት አገር ቤት ገብታችሁ የወላጆቻችሁን አሮጌ መኪና «አሠርቼላቸው ልመለስ» ለምትሉ ነው። እኔም እንደዚያው ብዬ ነበር የገባሁት።

መኪናዋ የ1989 ሞዴል መርሰዲስ 230ኢ ናት፤ መካኒኮቹ 124 የሚሏት። አባዬ እስከ ዛሬ «ማርቸዲስ» ነው የሚላት። ከአንድ የኤምባሲ ሠራተኛ ላይ ሲገዛት ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ። ከናዝሬት ስንመለስ የኋላ ወንበሯ ላይ ተኝቼ፣ በሯ ሲዘጋ የሚሰማው ያ ድፍን ድምፅ ነበር ቤት መድረሳችንን የሚነግረኝ። አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከገባሁ 17 ዓመቴ ነው። የምነዳው ቶዮታ አንድም ቀን አስቸግሮኝ አያውቅም፤ አንድም ቀን ናፍቆኝም አያውቅም።

«ሸጦ አዲስ አይገዛም ወይ?» እንዳትሉኝ። በጡረታ ደሞዝ? ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና ማስገባት ተከልክሏል፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ብር ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ደግሞ የመለዋወጫ ዋጋ የት እንደደረሰ እዚያ ያለ ሰው ያውቀዋል። ስለዚህ ያለችውን ማስታመም ነው።

ሕመሟ ሁለት ነው። ስትሞቅ ሚኒሞ አትይዝም፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥላት ቆማ ሞተሯ አይጸናም፤ የትራፊክ መብራት ላይ ትንቀጠቀጥና ድርግም ትላለች። ሌላው የኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚጠብቀው ሲስተም) መብራቷ በርቶ መቅረቱ ነው። ይህንን አባዬ በራሱ መንገድ አክሞታል፦ ጥቁር ፕላስተር ለጥፎበታል።

ጎረቤታችን ቄራ አካባቢ የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ ኤሌክትሪሺያን ጠቁሞን ነበር። እኔ ግን ቦሌ ወደሚገኝ፣ ወለሉ ነጭ ሴራሚክ ወደሆነ፣ ማኪያቶ በነፃ ወደሚቀርብበት ጋራዥ ወሰድኳት። ስሙን አልጠራም። በሩ ላይ አባዬ «አንቺ ዝም በይ፣ እኔ ላውራ» ብሎኝ ነበር። ዝም አላልኩም። «መጀመሪያ ኤስቲሜት ስጡኝ» አልኩ። የተቀበለን ልጅ ቀና ብሎ አየኝ፣ ከዚያ ጫማዬን አየ፣ ከዚያ ፈገግ አለ። «ችግር የለም እህቴ፣ አይተናት እንደውላለን። ቢበዛ ሦስት ቀን ነው።»

ቀኑ ታኅሣሥ 24 ነበር።

ገና አለፈ። ስደውል «የኮምፒውተር ምርመራ ላይ ናት» ይሉኛል። በሳምንቱ ሄድኩ፤ ኃላፊው ምሳ ወጥቷል። በማግስቱ ሄድኩ፤ መብራት ጠፍቷል። በሦስተኛው ሄድኩ፤ የያዛት ልጅ ለቅሶ ላይ ነው። እግዜር ያጽናው፤ ግን ከዚያ በኋላ ሁለት ቀን ቆይቼ ስደውል ያው ልጅ ሌላ ለቅሶ ላይ ነበር። መኪናዋ ኮፈኗ ተከፍቶ ግድግዳ ሥር ቆማለች፤ ላይዋ ላይ የሰው ጃኬት ተሰቅሏል። እዚያው አካባቢ የቆሙ አዳዲስ የኤሌክትሪክ መኪኖች ሲገቡ ሲወጡ እሷ ንቅንቅ የለም።

ከዚያ ተደወለ። የቤንዚን ማከፋፈያዋ ሞቷል፣ አገር ውስጥ አይገኝም፣ ከዱባይ ይመጣል፣ 185,000 ብር። ግማሹን አሁን። «ለእርስዎ እኮ ምንም ማለት አይደለም» የምትለዋን ነገር ጨመረበት። ሁለት ፈረቃ እየሠራሁ የማጠራቅመው ገንዘብ ምንም እንዳልሆነ የሰማሁት ያኔ ነው።

ጥምቀትም አለፈ። አባዬ ታቦት ለመሸኘት በየዓመቱ በእሷ ነው የሚወጣው፤ ዘንድሮ በራይድ ሄደ። ምንም አላለኝም። ምንም አለማለቱ ነው ያቃጠለኝ። የእህቴ ልጅ ሠርግ ጥር 17 ነው፤ አያትየው ሙሽራዋን በማርቸዲስ እንደሚወስዳት ከተናገረ ዓመት ሆኖታል።

ጥር 13 ሄጄ «መኪናዬን ስጡኝ፣ አላሠራም» አልኩ። ሂሳቡ ወጣ፦ የቤንዚን ፓምፕ 28,000፣ የእጅ ዋጋ 22,000፣ ካንዴላና ፊልትሮ 9,100፣ የኮምፒውተር ምርመራ 6,500፣ የመኪና ማቆሚያ 5,700። ድምር 71,300 ብር። ቀይሩ ያላቸው የለም። ማቆሚያውን አስሉት፤ በቀን 300 ብር፣ 19 ቀን። እነሱ ላዘገዩት ቀን እኔ ኪራይ ከፈልኩ ማለት ነው።

ሁሉንም ዋጥኩት፣ የኮምፒውተሯን ግን መዋጥ አቃተኝ። የያዙት ማሽን የሚሰካበት ሶኬት አሜሪካ ውስጥ ግዴታ የሆነው ከ1996 ሞዴል ጀምሮ ነው፤ ይቺ የ1989 ናት። «የት ሰካችሁት?» አልኩት። ልጁ ትንሽ አሰበና «በብሉቱዝ ነው» አለኝ። አባዬ በዚያ ሁሉ ንዴት መሃል ሳቀ። የተቀየረውን አሮጌ ፓምፕ ስጡኝ ስልም «ቆሻሻ ተነስቷል» ተባልኩ። ሜሪላንድ መኪናዬን የማሠራበት ቤት ሳያስፈርሙኝ ብሎን አይፈቱም፣ አሮጌውን ዕቃም ሳልጠይቅ በካርቶን ያሳዩኛል። እዚያ ጋራዥ ውስጥ ይህን ስል ራሴን ሰማሁትና አፈርኩ፤ ያቺ የምንስቅባት ዲያስፖራ ሆኜ ነበር። ከፈልኩና ወጣን። መኪናዋ ጥቁር ጭስ እየተፋች፣ ቤንዚን ቤንዚን እየሸተተች ቤት ገባች። ስትገባ እንዲህ አልነበረችም።

አርብ ጥር 15 ጠዋት ቄራ፣ ጎረቤታችን ወደጠቆመን ሽማግሌ ሄድን። ጋሼ የሚሠሩት በቆርቆሮ የታጠረች ግቢ ውስጥ ነው። ማኪያቶ የለም፤ የለስላሳ ሳጥን ገልብጠው አስቀመጡን። ኮፈኑን አልከፈቱም። ፕላስተሩን አይተው አባዬን «ኤቢኤሷ ከመቼ ጀምሮ ነው የበራችብዎት?» አሉት። «ማጥፋት ከጀመረች ጊዜ ጀምሮ መሰለኝ» አለ። «እንግዲያው አንድ በሽታ ነው» አሉ ጋሼ።

ከባትሪው ኋላ የክብሪት ቀፎ የምታክል የአሉሚኒየም ሳጥን አወጡ፤ አናቷ ላይ ፊውዝ አለ። ቮልቴጅ ሲበዛ መስመሩን የምትጠብቅ ሪሌ (የኤሌክትሪክ ማብሪያና ማጥፊያ) ናት። ለቤንዚን መቆጣጠሪያውም ለኤቢኤሱም ኤሌክትሪክ የሚያልፈው በእሷ በኩል ነው። በእድሜ ብዛት ውስጧ ያለው ብየዳ ይሰነጠቃል፤ ሲቀዘቅዝ ይገናኛል፣ ሲሞቅ ይለያያል። ጋሼ ከፍተው በማጉያ መነጽር አሳዩኝ፤ በእግሮቿ ዙሪያ ፀጉር የምታህል ቀለበት አለች። በስታኞ በየዷት፣ መለሷት፣ አስነሱ። መብራቱ ጠፋ። አባዬ ፕላስተሩን በጥፍሩ ፋቀ።

ጭሱ የሌላ ሰው ሥራ ነበር። ያ ጋራዥ የቤንዚንና የአየር መጠን የምታስተካክለዋን ብሎን ነክቷታል። «አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ስስ ነው፣ ቤንዚን ካበዛህባት ታንቃለች» አሉ። በ3 ሚሊ ሜትር አለን ቁልፍ እያዞሩ፣ ሜትር እያዩ፣ ጆሯቸውን ዘንበል እያደረጉ ቆዩ። ቀጥሎ ከሥሯ ገብተው ፓምፑን አዩልኝ። ጭቃው ከነ ድርቀቱ እላዩ ላይ ነው፤ ብሎኖቹ ዝገዋል። 28,000 ብር የከፈልኩበት ፓምፕ ተፈትቶ አያውቅም።

ሁሉ ነገር ሁለት ሰዓት አልፈጀም። ሂሳብ 2,500 ብር። 10,000 ስሰጣቸው መለሱልኝ። «ልጄ፣ ነገ ለሚመጣው ሰው ዋጋዬን ታበላሺብኛለሽ።» 3,000 ተቀበሉ።

እሳቸውም እንከን አላጡም፤ ደረሰኝ የለም፣ ቀጠሮ የለም፣ በበዓል ቀን ስልካቸው ይዘጋል፣ ወረፋ ካለ ፀሐይ ላይ ትቀመጣላችሁ። ደግሞ እውነቱን ለመናገር እዚህ አሜሪካ ይህን የሚበይድላችሁ በቀላሉ አታገኙም፤ ሪሌውን ጥሎ አዲስ ይገጥማል፣ ወይም «ይቺ መኪና ወጪዋን አትመልስም» ብሎ ይሸኛችኋል።

የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥበት ሱማሌ ተራም ደርሻለሁ፤ የሞተር ሱፖርትና የግራ እስፖኪዮ መስታወት ፈልጌ። እኔ ታክሲ ውስጥ ቆየሁ፣ የጎረቤታችን ልጅ ገብቶ ተከራከረ። አሮጌ ኦርጅናል ከአዲስ ማስመሰያ ይሻላል የሚሉት እውነት ነው፣ ሱፖርቶቹ ጥሩ ይዘዋል። መስታወቱን ሳየው ግን ጥጉ ላይ ያለችው ጭረት የማውቃት መሰለኝ። አባዬም «እኔም መሰለኝ፣ ተይው» አለ።

እሑድ ሙሽራዋን ይዘን ስንወጣ መስቀል አደባባይ ጋ ለ20 ደቂቃ ያህል ቆመን ነበር። ሚኒሞዋን ያዘች። አባዬ መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ ስለ መንገዱ መዘጋት ሁሉም ሲያማርር እሱ ብቻ እየተዝናና።

ተመልሼ እንደገባሁ የመጀመሪያ ሥራዬ አዲስ ሪሌ ገዝቶ በሰው መላክ ሆነ። ደረሰ። ባለፈው ቅዳሜ ደውዬ «አስገጠምከው?» ስለው ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ከሊብሬው ጋር፣ ከነ ማሸጊያው እንዳስቀመጠው ነገረኝ። «ያቺኛዋ እኮ ገና ትሠራለች» አለኝ።