የግሸን ደርሶ መልስ ጉዞ ከደሴ፦ ገለጻው የበሰለ፣ ሰዓቱ ያጠረ

ከደሴ ማለዳ ተነሥቶ ግሸን ደብረ ከርቤን አሳልሞ ማታ የሚመልሰውን የጉዞ አገልግሎት በሁለት ነገር እመዝነዋለሁ፤ በታሪክ ገለጻውና በሚሰጠው ጊዜ። የሚኒባሱ ወንበር ጠባብ ነው፤ የቀረበው የጾም በያይነቱ ግን አይታማም።

አስጎብኚው መንገድ ዳር አስወርዶን፣ የአምባውን መስቀለኛ ቅርጽ በዱላው አፈሩ ላይ ሥሎ ነው ትረካውን የጀመረው። ዐፄ ዳዊት ግማደ መስቀሉን ይዘው ሲመለሱ ሱዳን ውስጥ ስናር ላይ መሞታቸውን፣ ልጃቸው ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብም «መስቀሌን በመስቀል ላይ አስቀምጥ» የሚለውን ራእይ ይዘው ቦታውን ሲፈልጉ ቆይተው፣ በመጨረሻ ከዚህ የድንጋይ መስቀል ላይ ማኖራቸውን ትውፊቱ እንደሚለው አድርጎ ተረከልን። ቀጥሎ ግን ከትውፊቱ ለይቶ፣ አምባው የነጋሢ ልጆች የሚታሰሩበት ምሽግ እንደነበረ፣ ዘርዓ ያዕቆብ ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ1434 ከመንገሣቸው በፊት እዚያው ታግተው እንደኖሩ፣ የኢማም አሕመድ ጦርም በ1540 እንደያዘው አስረዳ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አብሮ በተሳፈረበት መኪና፣ ያውም በወሎ ምድር፣ ይህን ማንንም ሳያስከፉ መናገር ችሎታ ይጠይቃል፤ እሱ አሳምሮ ተወጥቶታል።

ቅሬታዬ በጠበሉ ላይ ነው። ተሳላሚው ከመስቀሉ እኩል የሚመጣለት ሆኖ ሳለ፣ አስጎብኚው ስለ ጠበሉ አንዳች ሳይናገር ወደ መኪናው ያጣድፈን ጀመር። አንዲት እናት ሃይላንዳቸው ገና ከግማሽ ሳያልፍ ረዳቱ መጥቶ፣

«እማማ፣ መኪናው ሊነሣ ነው» አላቸው።

«ቆየኝ ልጄ፣ ለታመመ ሰው ነው የምወስደው።»

ቆመን ጠበቅናቸው፤ ረዳቱ ግን ሰዓቱን እያየ ሲነጫነጭ ነበር። ጠባቡን የአምባ መግቢያ በእግራቸው ለወጡ አረጋውያን ከዚህ የተሻለ ትዕግሥት ይገባል። ጉዞው አንድ ሰዓት ቀድሞ ቢነሣ ሁሉም ይቃለል ነበር፤ የዘገየነውም ተሳፋሪ እስኪሞላ በመጠበቅ ነውና።

ታሪኩን ለመስማት ለሚፈልግ አገልግሎቱን ያለማመንታት እመክራለሁ። ለጠበል የሚሄድ ሰው ግን በሌላ መኪና ሄዶ እዚያው ቢያድር ይሻለዋል። መስከረም 21 ቀን ደግሞ መንገዱ በተሳላሚ ስለሚጨናነቅ በዚህ ጉዞ በአንድ ቀን ደርሶ መመለስን አታስቡት።