የእማዬ እንቅርት እና ያልቸኮለችው ዶክተር (ምስጋና + ጥቆማ)

ሰላም ቤተሰብ፣ እጽፋለሁ ብዬ ቃል ስለገባሁ ነው። እማዬ አንገቷ ላይ እንቅርት ከወጣባት ከራርሟል፣ ነጠላዋን ጠምጥማ ስለምትሸፍነው እኛም ለምደነው ትተነው ነበር፣ ዘንድሮ ግን ስትውጥ "የሆነ ነገር ይይዘኛል" ማለት ስትጀምር ይዣት ሄድኩ። መጀመሪያ የሄድንበት ቦታ (ስሙ ይቅር) በእጅ ዳብሰው ትልቁን እባጭ ወጉት፣ የወጣው ቡናማ ውሃ ብቻ፣ ውጤቱ ሲመጣ "ናሙናው በቂ አይደለም" ይላል። በቃ። ካንሰር ነው አይደለም የሚል ሰው የለም። እማዬ የተወጋው ቦታ በልዞባት "በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ" እያለች ትስቃለች፣ እኔ ግን እንቅልፍ የለኝም።

ከዛ አንዲት የስራ ባልደረባዬ ይቺን ራዲዮሎጂስት (አልትራሳውንድና የመሳሰሉትን የምታነብ ሐኪም) ጠቆመችኝ። ዶክተሯ "ስሜን ፖስት እንዳታደርጊው" ስላለችኝ የፈለገ በኢንቦክስ ይጠይቀኝ።

ወዲያው መርፌ አላነሳችም። መጀመሪያ የቲኤስኤች (የእንቅርት እጢ እንዴት እንደሚሰራ የሚያሳይ የደም ምርመራ) ውጤቷን አየች፣ ዝቅ ያለ ቢሆን ሌላ ምርመራ ይቀድም ነበር አለች፣ የእማዬ ኖርማል ነው። ከዛ ጄሉን ቀብታ አልትራሳውንዱን አንገቷ ላይ ቀስ ብላ እያንሸራተተች ስክሪኑን ወደኛ አዞረችው። ያ ሁላችንም የፈራነው ትልቁ እባጭ ውስጡ በሙሉ ትንንሽ ውሃ የቋጠረ ቀዳዳ ነው፣ "እማማ ይዩት፣ የእንጀራ ዓይን አይመስልም? እንዲህ ያለው ትልቅም ቢሆን አይወጋም" አለቻት። ገረመኝ! ከሱ ጀርባ ግን በእጅ የማይገኝ፣ ድፍን ያለ ጠቆር ያለ 1.6 ሴንቲሜትር የሚሆን ሌላ አለ። ጠርዙ የተሸራረፈ እንደሆነ፣ ከስፋቱ ቁመቱ የሚበልጥ እንደሆነ፣ ውስጡ ጤፍ ጤፍ የሚያክሉ ነጫጭ ነጥቦች እንዳሉት አንድ በአንድ አየች፣ የሚያሰጉት ምልክቶች እነዚህ ናቸው፣ የሉትም። "ቲራድስ 4 ነው (በአልትራሳውንድ ሲታይ ምን ያህል እንደሚያሰጋ የሚለካበት ደረጃ ነው)፣ ይሄኛው ከ1.5 ካለፈ ናሙና እንወስዳለን፣ 1.2 ቢሆን በአልትራሳውንድ ብቻ እንከታተለው ነበር" አለችኝ።

እማዬ "እጢ ከተነካ ይሰራጫል ይባላል" ብላ አመነታች፣ ሰፈር ውስጥ የማይባል የለም መቼስ። ዶክተሯ አልተቆጣቻትም። መርፌውን አውጥታ አሳየቻት፣ ደም ከሚቀዳበት ይቀጥናል፣ ካንሰር እንኳን ቢሆን በዚህ ቀጭን መርፌ መሰራጨቱ እጅግ ብርቅ ነው አለቻት። ደም የሚያቀጥን መድሃኒት ትወስድ እንደሆነም ጠየቀች። ከዛ ትከሻዋ ስር ትራስ አድርጋ አንገቷን ወደኋላ አስደግፋ "አሁን አይናገሩ፣ ምራቅም አይዋጡ" አለችና መርፌው ሲገባ እኔ ራሱ ስክሪኑ ላይ አየሁት፣ እንደ ነጭ ክር ሆኖ ጥቁሩ እባጭ መሃል ሲደርስ። ሶስት ጊዜ ወሰደች፣ ስላይድ ላይ ቀባችው፣ ጥጥ አስይዛን ትንሽ ተቀመጥን፣ ወደ ቤት።

ውጤቱ ሲመጣ ደውላ "ቤተስዳ 2" አለችን። እማዬ ሰምታ "ቤተ ሳይዳ? መፃጉዕ የተፈወሰባት መጠመቂያ?" ብላ ቁጭ አለች። ዶክተሯ ስቃ ነገረቻት፣ ውጤቱን ከ1 እስከ 6 የሚከፍሉበት አሰራር ስሙን ያገኘው አሜሪካን ሃገር ሜሪላንድ ካለችው ቤተስዳ ከተማ ነው፣ 1 ማለት ናሙናው በቂ አይደለም (የመጀመሪያው የኛ ማለት ነው)፣ 2 ካንሰር ያልሆነ፣ 6 ካንሰር። እማዬ ግን ስሙን አለቅም ብላለች፣ ለጎረቤት ሁሉ "ቤተ ሳይዳ ደርሼ መጣሁ" ነው የምትለው።

ዶክተርዬ እግዚአብሔር ይስጥልን፣ እድሜና ጤና ይስጥሽ። ወደሷ የምትሄዱ የድሮ አልትራሳውንድና የደም ውጤት ካላችሁ ይዛችሁ ሂዱ፣ ከድሮው ጋር ታስተያያለች፣ ጠዋት ጠዋት ወረፋው ይሻላል። እኛ ከአመት በኋላ ለአልትራሳውንድ ተቀጥረናል፣ እማዬ ከአሁኑ ቆሎ ይዤላት ነው የምሄደው እያለች ነው።