በ34 ዘፈኖች የተረፈ ሰው፦ የአሜዴ አርድዋን ሙሉ ቅጂዎች ግምገማ

ቶምፕኪንስ ስኩዌር የተባለው የአሜሪካ ሙዚቃ አሳታሚ እ.ኤ.አ. በ2011 «ማማ፣ አይል ቢ ሎንግ ጎን» በሚል ርእስ ያወጣው ባለሁለት ሲዲ አልበም፣ በአሜሪካዋ የሉዊዚያና ግዛት የነበረው ክሪዮል ድምፃዊና አኮርዲዮን ተጫዋች አሜዴ አርድዋን ከ1929 እስከ 1934 በሸክላ ያስቀረጻቸውን 34 ዘፈኖች በሙሉ አሰባስቦ ይዟል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የክሪዮልና የኬጁን ባህላዊ ሙዚቃን ከሥሩ ለማወቅ የሚሻ ሰው አንድ አልበም ብቻ ምረጥልኝ ቢለኝ ያለ ማመንታት የምጠቁመው ይህንኑ ነው። በድምፅ ጥራት ከዚህ የሚሻሉ፣ ለጆሮም የሚለሰልሱ ብዙ አልበሞች አሉ። ነገር ግን ይህ ሙዚቃ መቶ ዓመት ሊሞላው ተቃርቦ እንኳ ሰውን ከመቀመጫው የሚያስነሣበት ምክንያት በየትኛውም አልበም ላይ የዚህን ያህል ራቁቱን ወጥቶ አይታይም።

ለአድማጩ ጥቂት መንደርደሪያ ያስፈልገዋል። ኬጁኖች የዛሬዋን ኖቫ ስኮሺያና አካባቢዋን ይዞ ከነበረው ከአካዲያ፣ ከ1755 ጀምሮ በእንግሊዞች ተባርረው ብዙዎቹ በመጨረሻ ደቡብ ሉዊዚያና የሰፈሩ የፈረንሳይ ተወላጆች ልጆች ናቸው። በዚያው ሜዳ ላይ ክሪዮል የሚባሉት ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ጥቁሮችና ክልሶች ደግሞ በባርነት ከመጡ አፍሪካውያንና ቀድሞ ነፃ ከወጡ ቤተሰቦች የሚወለዱ ናቸው። ሁለቱ ወገኖች ጥጥና ሩዝ በአንድ ማሳ አብረው አርሰዋል፤ አንዱ በሌላው ጭፈራ ቤት ተጫውቷል፤ ዜማውንም ተዋውሰዋል። የዘር መድሎው ሕግ በትምህርት ቤት፣ በቤተ ክርስቲያንና በመቃብር ሲለያያቸው ዜማውን ግን ሊለያየው አልቻለም። ስለዚህ ይህኛው ዜማ የኬጁን ነው፣ ያኛው የክሪዮል ነው ብሎ ቁርጥ ያለ ድንበር ለማበጀት የሚሞክር ሰው አርድዋንን ሲሰማ ድንበሩ ይጠፋበታል።

አርድዋን በ1898 የተወለደ፣ የእርሻ ሥራ ብዙም የማይሆንለት፣ ነፍሱ ግን ሙዚቃ ላይ የነበረች ሰው ነው። ድምፁን ለመጠበቅ ሎሚ በኪሱ ይዞ ይዞር እንደነበር ያካባቢው ሰዎች እስከ ዛሬ ያወሳሉ። ከነጩ ቫዮሊን ተጫዋች ከዴኒስ ማጊ ጋር ለአንድ ባለመሬት የእኩል አራሽ ሆነው ሠርተዋል፤ የቤት ዕቃ ወደ ውጭ ወጥቶ ጎረቤት በሚሰበሰብባቸው የገጠር ጭፈራዎችም ሁለቱ አብረው ይጫወቱ ነበር። ታኅሣሥ 9 ቀን 1929 ኒው ኦርሊንስ ገብተው ለኮሎምቢያ ኩባንያ ስድስት ዘፈን አስቀረጹ። ጆ ፋልኮንና ክሌኦማ ብሮ የመጀመሪያውን የኬጁን ሸክላ በዚያችው ከተማ ካስቀረጹ ገና ሁለት ዓመት አልሞላም ነበር። ጥቁርና ነጭ ሙዚቀኞች በዚያ ዘመን በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች አንድ ማይክሮፎን ፊት ጎን ለጎን ተቀምጠው መጫወታቸው እጅግ ብርቅ ነገር ነው፤ ሸክላው ግን ስለዚህ ጉዳይ አንድም ቃል አይናገርም፤ የሚሰማው የሁለት ሰዎች መግባባት ብቻ ነው።

አኮርዲዮን ሲባል አብዛኞቻችን የምናስበው ኃይሉ መርጊያ የሚጫወተውን፣ የፒያኖ ቁልፍ የተደረደረለትን ትልቁን ዓይነት ነው። አርድዋን የያዘው ለቀኝ እጅ አሥር ቁልፎች ብቻ ያሉት፣ በወቅቱ ከጀርመን ይመጣ የነበረ ትንሽ የእንጨት ሣጥን ነው። እያንዳንዱ ቁልፍ ወናፉ ሲገፋ አንድ ድምፅ፣ ሲሳብ ደግሞ ሌላ ድምፅ ይሰጣል። በዚህ የተነሣ ተጫዋቹ ዜማውን የሚያወጣው በጣቱ ብቻ ሳይሆን በክንዱ ጭምር ነው፤ አንድን ሐረግ ለመጨረስ ወናፉን ደጋግሞ ማገላበጥ ግድ ይለዋል፤ ወናፉ አቅጣጫ በለወጠ ቁጥርም ድምፁ ለቅጽበት ይቆረጥና በአዲስ ጉልበት ይነሣል። የጨፋሪው እግር የሚይዘው ያንን ቁርጥራጭ ነው። በእነዚህ ቅጂዎች ውስጥ ከበሮ የለም፣ ጊታር የለም፣ ባስ የለም፤ ሆኖም ምቱ አንድ ጊዜም አይላላም፤ ምክንያቱም መሣሪያው ራሱ ምት ሳይሰጥ ዜማ መስጠት አይችልም።

ሌላም ገደብ አለበት። ይህ አኮርዲዮን የአንድ ቅኝት ድምፆችን ብቻ የያዘ በመሆኑ፣ ብሉዝ የተባለው የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ የሚፈልጋቸውን ዝቅ ያሉና በመካከል የሚገኙ ድምፆች አይሰጥም። አርድዋን እነዚያን የጎደሉ ድምፆች በጉሮሮው ይሞላቸዋል። በ1930 በተቀረጸው «ብሉዝ ዴ ባዚል» ላይ አኮርዲዮኑ ቀጥ ብሎ በመንገዱ ሲሄድ፣ ድምፁ ከላይ ሆኖ ከአንዱ ኖታ ወደ ሌላው እየተንሸራተተ መሣሪያው የማይደርስበት ቦታ ሲያርፍ ይሰማል። የማጊ ቫዮሊን ከሥር ዜማውን እየተከተለ፣ አንዳንዴም ሁለት ክሮችን በአንድ ደጋን እየጎተተ፣ ሁለቱን ያስታርቃል። ማሲንቆ እየሰማ ያደገ ጆሮ የደጋኑን ሻካራነት ለመልመድ ጊዜ አይፈጅበትም።

ድምፁ ቀጭንና ከፍ ያለ ነው፤ ዘፈን ከመጀመሩ በፊት የሚጣራ ያህል ይጮኻል። የሚዘፍነው በፈረንሳይኛ ሲሆን፣ ግጥሙ በየዘፈኑ እየተመላለሰ ወደ ጥቂት ነገሮች ይመለሳል፤ ወላጅ የሌለው መሆኑን ይናገራል፣ የሚወዳት ሴት እንደተወችው ወይም ቤተሰቧ እንደከለከላት ያማርራል፣ ሻንጣውን ይዞ ብቻውን እንደሚሄድ ይዝታል። ግጥሙን ብቻ ለይቶ ላነበበ ሰው ይህ ከለቅሶ ቤት የማይለይ ነገር ነው። ነገር ግን ግጥሙ የተነገረው ዋልዝና ቱ-ስቴፕ በሚባሉት የጥንድ ጭፈራዎች ምት ላይ፣ ቅዳሜ ማታ ሊጨፍር በመጣ ሰው ፊት ነው። ሐዘኑ ጭፈራውን አያቀዘቅዘውም፤ ጭፈራውም ሐዘኑን አያቃልለውም። የዚህ ሙዚቃ ዘላቂ ኃይል እዚህ ላይ ነው እላለሁ። ሳምንቱን ሙሉ በሰው መሬት ላይ ሲለፋ የከረመ ሰው ጭንቀቱን ቤቱ ጥሎ እንዲመጣ አልጠየቀውም፤ ከነጭንቀቱ እንዲጨፍር ፈቀደለት። ለማጽናናት ብሎ የሚያታልል ሙዚቃ ችግሩ ሲያልፍ አብሮ ያልፋል፤ ይህኛው ግን አላታለለም።

የዘፈኖቹ ርእሶች ብቻቸውን ቢነበቡ የደቡብ ምዕራብ ሉዊዚያና ካርታ ይሆናሉ። የዩኒስ ቱ-ስቴፕ፣ የኦበርሊን ዋን-ስቴፕ፣ የኤልተን ቱ-ስቴፕ፣ የፕሬሪ ስዋሎ ቱ-ስቴፕ አሉ፤ ሁሉም በጋሪና በባቡር የሚደረስባቸው ትንንሽ ከተሞችና መንደሮች ናቸው፤ ዘፋኙም አኮርዲዮኑን ከረጢት ውስጥ ከትቶ የዞረባቸው ቦታዎች ናቸው። አንደኛው ዋልዝ ለነዳጅ ማውጫ ካምፖች የተሰየመ ነው። በ1901 ጄኒንግስ አጠገብ ነዳጅ ከተገኘ በኋላ የእርሻው ሜዳ ምን ያህል እንደተለወጠ ከዚህ አንድ ርእስ ይገባናል። የዩኒስ ቱ-ስቴፕ ዛሬም በየመድረኩ የሚጫወቱት ዜማ ስለሆነ፣ መጀመሪያ እርሱን ሰምቶ ከዚያ የዘመኑን አጨዋወት ማነጻጸር ብዙ ያስተምራል።

ከአራቱ የቀረጻ ጊዜያት የኔ ልብ ያረፈው በመጨረሻው ላይ ነው። በታኅሣሥ 1934 አርድዋን ያለ ማጊ ወደ ኒው ዮርክ ሄዶ ለዴካ ኩባንያ 12 ዘፈኖችን ብቻውን አስቀረጸ። ቫዮሊኑ ሲነሣ ከዚያ በፊት ያልሰማናቸው ነገሮች ይወጣሉ፤ የግራ እጁ ሁለት የባስ ቁልፎች እንዴት ምቱን እንደሚሸከሙ፣ በዘፈኑና በመሣሪያው መካከል ትንፋሹን የት እንደሚስብ፣ በአንድ ቁልፍ ላይ ጣቱን እንዴት በፍጥነት እንደሚያንቀጠቅጥ ግልጽ ሆኖ ይሰማል። ከማጊ ጋር ያስቀረጻቸው ለጭፈራ ይበልጣሉ፤ ብቻውን ያስቀረጻቸው ግን ለብቻ መስማት ይበልጣሉ። ለአዲስ አድማጭ ግን ከ1929ኙ ጀምሮ በቀረጻው ቀን ቅደም ተከተል መስማትን እመክራለሁ፤ እንደዚያ ሲሆን የመጨረሻዎቹ 12 ዘፈኖች ብቸኝነት በትክክል ይሰማል።

ስለ ድምፅ ጥራቱ እውነቱን መናገር ይገባል። ሥራው የተሠራው ከአሮጌ ሸክላዎች በተወሰደ ድምፅ ነው፤ አንዳንዶቹም በየቤቱ ብዙ ጊዜ የተደመጡና የተጫሩ ናቸው። በአሮጌ ሸክላ እድሳት የታወቀው ክሪስቶፈር ኪንግ በጥንቃቄ አጽድቷቸዋል፤ ጩኸቱን ለማጥፋት ሲል የድምፁን ነፍስ አብሮ አላጠፋም፤ ይህን ምርጫውን አደንቃለሁ። ያም ሆኖ የመርፌው ፍችፍችታ በሁሉም ላይ አለ፤ በጥቂቶቹ ላይ ግጥሙን ይውጠዋል። ሌላው ችግር ከአሳታሚው ሳይሆን ከዘመኑ የመጣ ነው። የሸክላው አንድ ገጽ ከሦስት ደቂቃ ብዙም አያልፍም ነበርና፣ በጭፈራ ቤት ሰው እስኪደክመው ድረስ የሚረዝሙት ዜማዎች እዚህ ገና ሲሞቁ ይቆማሉ። ሁለቱንም ሲዲ በአንድ ቁጭታ መጨረስ ጆሮን ያደክማል፤ አምስት ወይም ስድስት ዘፈን እየሰሙ ማቆም ይሻላል። ሥራ እየሠሩ ከጀርባ ለማሰማትም አይሆንም፤ ሰውየው ዝም ብሎ አያሠራም።

ከ1934 በኋላ አርድዋን አላስቀረጸም። በቤተሰቦቹና በጎረቤቶቹ ዘንድ በቃል የቆየው ታሪክ እንዲህ ይላል፦ በ1930ዎቹ መጨረሻ በአንድ የነጮች ጭፈራ ላይ ሲጫወት ላቡን የሚጠርግበት ነገር ጠየቀ፤ አንዲት ነጭ ሴት መሐረቧን ሰጠችው፤ በዚህ የተቆጡ ነጮች ሌሊት ወደ ቤቱ ሲመለስ ጠብቀው ክፉኛ ደበደቡት። ከዚያ በኋላ ጤናው አልተመለሰለትም፤ በ1942 ፓይንቪል በሚገኘው የመንግሥት የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል አረፈ፤ የተቀበረውም ስም በሌለው መቃብር ነው። በ2018 ኦፔሉሳስ ውስጥ ሐውልት ቆሞለታል፤ በእጁም ሎሚ ይዟል። ይህን ታሪክ ያወቀ ሰው ዘፈኖቹን እንደ ትንቢት ሊሰማቸው ይቃጣል። እኔ ግን እንደዚያ ማድረግ ሙዚቀኛውን ይበድለዋል እላለሁ። በማይክሮፎኑ ፊት የተቀመጠው ሰው ሠላሳ ዓመት አልፎት በሥራው የተካነ፣ ጭፈራ ቤቱን በሁለት እጁ የያዘ ባለሙያ ነበር፤ ኋላ የደረሰበት ግፍ የሙዚቃው ትርጉም አይደለም።

ሙዚቃው ከእርሱ በኋላ ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር። የ1921 የሉዊዚያና ሕገ መንግሥት ትምህርት በእንግሊዝኛ ብቻ እንዲሰጥ በማዘዙ ፈረንሳይኛ የተናገሩ ሕፃናት ይቀጡ ነበር፤ በ1930ዎቹ አጋማሽም የክር መሣሪያ ባንዶች አኮርዲዮኑን ገሸሽ አደረጉት። መልሶ ያመጣው ዓይኑ በቅጡ የማያይለት ኬጁኑ አይሪ ለዠን ነው፤ የአርድዋንን ሸክላዎች እየሰማ የተማረ ሲሆን፣ በ1948 ባስቀረጸው ዋልዝ ትንሿን አኮርዲዮን እንደገና ወደ ጭፈራ ቤት አስገባት። የአርድዋን የአጎት ልጅ ቧ ሴክ አርድዋን ከቫዮሊን ተጫዋቹ ከካንሬ ፎንትኖ ጋር በ1966 በኒውፖርት የባህል ሙዚቃ ፌስቲቫል ላይ ተጫወተ፤ የልጅ ልጆቹም ዛይዴኮ በተባለው፣ ከክሪዮሎች ጭፈራ በተወለደው ሙዚቃ ስም አውጥተዋል። ትልቁን የፒያኖ አኮርዲዮንና ከትከሻ የሚንጠለጠለውን የቆርቆሮ መፋቂያ ይዞ ዛይዴኮን ለዓለም ያስተዋወቀው ክሊፍተን ሸኒዬም የተነሣው ከዚሁ የክሪዮል ጭፈራ ቤት ነው። አንድ ጥቁር ሰው ያስቀረጸው ሸክላ የነጩን የኬጁን ሙዚቃ አዳነ ማለት ማጋነን አይደለም።

ሙዚቃውን በሕይወት ማየት የሚፈልግ ሰው ዩኒስ ከተማ አጠገብ አኮርዲዮን ሠሪው ማርክ ሳቮይ በ1966 በከፈተው ሱቅ ቅዳሜ ጠዋት የሚደረገውን ጨዋታ መሄድ ይችላል፤ ሽማግሌና ጎረምሳ ክብ ሠርተው ተቀምጠው የሚጫወቱት አብዛኛው ነገር በእነዚህ ሁለት ሲዲዎች ላይ ሥሩ አለ። ገንዘብ ለቆጠበ ገዢ ደግሞ አርሁሊ የተባለው አሳታሚ በ1990ዎቹ ያወጣው የአርድዋን ምርጥ ሥራዎች ስብስብ ይበቃዋል፤ እርሱም መልካም ነው፤ ነገር ግን የተመረጠ እንጂ የተሟላ አይደለም። ይህን ያህል ጥቂት ትቶ ባለፈ ሰው ላይ ሌላ ምርጫ ማድረግ ስለማይመቸኝ፣ የእኔ ድምፅ ለሙሉው አልበም ነው።