አዲስ አበባ ውስጥ የማይረጋ «የኮኮናት ዘይት» አትግዙ

በቴሌግራምና በቲክቶክ «ኦሪጅናል፣ በአንድ ወር ፀጉር የሚያስረዝም» እየተባለ በሃይላንድና በትንንሽ የፕላስቲክ ጠርሙስ የሚቸበቸብ ዘይት ሲያጋጥማችሁ ገንዘቡን ከመላካችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፦ ይረጋል ወይስ አይረጋም? «የኛ ምርጥ ስለሆነ አይረጋም» ካሏችሁ እዚያው ተዉት።

ንጹሕ የኮኮናት ዘይት ሙቀቱ ከ24 ዲግሪ ገደማ ሲወርድ እንደ ቅቤ ይረጋል። አዲስ አበባ ላይ፣ በተለይ በሐምሌና በነሐሴ፣ ቤት ውስጥ 24 ዲግሪ የሚሞላበት ሰዓት ብዙ አይደለም። ስለዚህ በማለዳ መደርደሪያ ላይ እንደ ውሃ የሚንቦጫቦጭ ዘይት ወይ ኮኮናት አይደለም፣ ወይ ሌላ ነገር በደንብ ተቀላቅሎበታል። ድሬዳዋና ሰመራ ግን ፈሳሽ ቢሆን አይገርምም። ዱባይና ጂዳም እንደዚያው ነው፤ ከዚያ ለቤተሰብ የምትልኩ ሰዎች፣ እዚህ ሲደርስ ረግቶ ሲያዩት «ተበላሽቷል» ብለው እንዳይጥሉት ንገሯቸው።

እንደተገዛ ይሞከር። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ያህል በብርጭቆ ቀድታችሁ ፍሪጅ ውስጥ (ፍሪዘር አይደለም) ለአንድ ሰዓት አስቀምጡት። ከላይ እስከ ታች እንደ ሻማ ነጭና ጠጣር ከሆነ ጥሩ ምልክት ነው። ከሥር ረግቶ ከላይ ፈሳሽ ከተንሳፈፈ ወይም ሙሉው እንደ አጥሚት ከላላ፣ የምግብ ዘይት ወይም ፓራፊን (ከነዳጅ የሚወጣ የማዕድን ዘይት) ገብቶበታል። ንክች ካላለ ደግሞ ሽቶ የተጨመረበት ሌላ ዘይት ነው። ፍሪጁ ግን ሁሉን አይነግራችሁም፤ ከፓልም ዛፍ ፍሬ አስኳል የሚወጣው ዘይትም በተቀራራቢ ሙቀት ስለሚረጋ ሊያሳስታችሁ ይችላል። ቅቤ ላይ ሙዝ ሲቀላቅሉ የኖሩ ሰዎች እዚህ ይቸገራሉ ብላችሁ አታስቡ።

ቀለሙ ሲረጋ ነጭ፣ ሲቀልጥ እንደ ውሃ የጠራ መሆን አለበት። ቢጫነት በብዙ እሳት የወጣ፣ የቆየ ወይም የተደባለቀ ለመሆኑ ፍንጭ ነው። የተጣራው ዓይነት ሽታ የለውም፣ ያልተጣራው ቀለል ያለ የኮኮናት ሽታ አለው። ክዳኑ ሲከፈት ክፍሉን እንደ ከረሜላ የሚያውደው ሽቶ ነው።

ከውጭ በሚገቡት ላይ የፊት ለፊቱን ሥዕል ተዉትና ጀርባውን አንብቡ። ይዘቱ የሚጻፈው ከብዙ ወደ ጥቂት ነው። ንጹሕ ከሆነ በኮኮናት ሳይንሳዊ ስም «ኮኮስ ኑሲፌራ ኦይል» (Cocos Nucifera Oil) ብቻ ይላል። «ሚነራል ኦይል» ወይም «ፓራፊነም ሊኩዊደም» ቀድሞ ተጽፎ ኮኮናት መጨረሻ አካባቢ ካለ፣ የምትከፍሉት ለፓራፊን ነው። ፓራፊን መርዝ አይደለም፤ ፀጉር ያበራል፣ ከላይ ይሸፍናል። ነገር ግን የኮኮናትን ሥራ አይሠራም። ከኮኮናት ዘይት ግማሽ ያህሉ ላውሪክ አሲድ የተባለ የስብ አሲድ ሲሆን ወደ ፀጉሩ ውስጥ ሰርጎ በመግባት ሲታጠብና ሲበጠር የሚያጣውን ፕሮቲን ይቀንሳል፤ በ2003 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ጥናት ከሱፍ ዘይትና ከማዕድን ዘይት ጋር አወዳድሮ ይህን ያሳየው በኮኮናቱ ላይ ብቻ ነው። ሁልጊዜ ፈሳሽ ሆኖ የሚቆይ «ፍራክሽኔትድ» የሚባል ሕጋዊ ዓይነትም አለ፤ እሱ ላውሪክ አሲዱ የወጣለት ነው፤ ስሙን ጠርሙሱ ላይ ተጽፎ ካላያችሁት ግን የሻጭ ማምለጫ ነው።

እውነተኛውን ካገኛችሁ ከመታጠብ በፊት ተቀቡት። ለትከሻ ለሚደርስ ፀጉር አንድ የሾርባ ማንኪያ ይበቃል፣ ለአጭር አንድ ሻይ ማንኪያ። እሳት ላይ አትጣዱት፤ ዘይት ሳይፈላ ቆዳ ያቃጥላል። ኩባያውን ሙቅ ውሃ ውስጥ አስቀምጡት፣ በእጅ አንጓ ሲሞከር ለብ ያለ ይሁን። ከመሃል እስከ ጫፍ ቀቡ፣ ከ30 ደቂቃ እስከ ሁለት ሰዓት አቆዩ፣ ከዚያ ሻምፑውን ፀጉሩ ውሃ ሳይነካው ቀብታችሁ እሹትና በውሃ አስለቅቁ፤ እንደገና በሻምፑ ድገሙ። በሳምንት አንዴ ይበቃል። ዘይቱ ሳይለቅ ካስክ ውስጥ መግባት ወይም መተኮስ ፀጉሩን ማቃጠል ነው። ከሁለት ሦስት ጊዜ በኋላ ፀጉሩ እንደ ገለባ ከደረቀና ከተሰባበረ ዘይቱ ለእናንተ አይሆንም፤ መጠን መጨመር አያድነውም። ግንባር ላይ ብጉር ከወጣም ከፀጉሩ መነሻ አርቁት። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትጠቀሙ ከሆነ ክንድ ላይ ትንሽ ቀብታችሁ 24 ሰዓት ጠብቁ።

ፎሮፎር ላለበት ሰው «ራስ ቆዳህ ላይ እሸው» የሚለውን ምክር አትስሙ። ከፎሮፎር ጋር የሚያያዘው ማላሴዚያ የተባለ ፈንገስ እንዲህ ያለ ስብ ስለሚመገብ ሊባባስ ይችላል። የልጅ ቆረቆር በዘይት አይድንም፣ ሐኪም የሚያዝዘው የሚዋጥ መድኃኒት ይፈልጋል፤ ዘይት ሲቀባ የሚባክነው ጊዜ ለወንድምና ለእኅት ማስተላለፊያ ይሆናል። በጣም ጠብቆ በተሠራ ሹሩባ የሸሸ የፀጉር መነሻንም ሹሩባውን ሳያላሉ ዘይት አይመልሰውም።

ደረሰኝ አስቆርጡ፤ ጠርሙሱንና ማስታወቂያውን አስቀምጡ። በንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ እንዲቀየር ወይም ገንዘቡ እንዲመለስ መጠየቅ የሚቻለው በተገዛ በ15 ቀን ውስጥ ነው። አስመስለው የተሠሩ መዋቢያዎችን ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በነፃ መስመር 8482 መጠቆም ይቻላል። «አንድ ወር ተቀቢና ለውጡን እይው» የሚል ሻጭ ሲገጥማችሁ ቀኑን ቁጠሩ፦ ፀጉር ተቀባም አልተቀባ በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ያድጋል፣ እናንተ ያንን ስትጠብቁ 15ቱ ቀን ያልፋል።