የሶማሌ ተራው ኢንተርኩለር፦ እቃው ረከሰ፣ ቱቦው አስከፈለኝ

ዋጋውን አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ሌላውን የፈለገ ያነበዋል። ከተገጨ መኪና የወጣ ኢንተርኩለር፣ ማለትም ወደ ሞተር የሚገባውን አየር የሚያበርድ እቃ፣ በ13,000 ብር ገዛሁ። መኪናዬ ላይ ተገጥሞ በወጉ እስኪሠራ ድረስ ግን 33,900 ብር ወጣብኝ። ይቆጨኛል? አይቆጨኝም። ግን እቃውን በሸጠልኝ ሱቅም በራሴ ችኮላም ላይ የምለው አለኝ።

መኪናዋ አሮጌ ቶዮታ ሰርፍ ናት። ሞተሯ ቱ ኤል ተርቦ፣ 2.4 ሊትር ናፍጣ። ሁለት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ፈትቼ እሑድ የምገጥማት፣ ባለቤቴ "ሁለተኛዋ ሚስትህ" የምትላት እሷ ናት። ይህን ሞተር የሚያውቅ መካኒክ ገና ስሙን ስጠራለት "ቴስታታው ተሰነጠቀ ወይስ ገና ነው?" ይለኛል። እውነቱን ነው። የዚህ ሞተር ቴስታታ፣ ማለትም የሲሊንደሮቹ ክዳን፣ ሙቀት አይችልም። ከፋብሪካ ሲወጣ ተርቦ ተሰጥቶታል፣ ኢንተርኩለር ግን የለውም። ተርቦው የጨመቀው አየር ትኩስ እንደሆነ በቀጥታ ሞተር ውስጥ ይገባል።

አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ይብሳል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ትላለች፤ አየራችን ጅቡቲ ወደብ ላይ ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ተርቦው የጎደለውን ለመሙላት የበለጠ መጭመቅ አለበት፤ አየር በተጨመቀ ቁጥር ደግሞ ይግላል። የብስክሌት ጎማ በእጅ ፓምፕ የነፋ ሰው ያውቀዋል፣ የፓምፑ ጫፍ እጅ ያቃጥላል። ኢንተርኩለር ማለት እንግዲህ ያንን ትኩስ አየር ራዲያተር በሚመስሉ ክንፎች መሃል አሳልፎ በነፋስ የሚያበርድ እቃ ነው። የበረደ አየር እፍግ ይላል፣ ናፍጣው በደንብ ይቃጠላል፣ ጥቁሩ ጭስ ይቀንሳል፣ ቴስታታውም እፎይ ይላል።

አዲስ ለምን አልገዛህም የሚል አይጠፋም። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ የአዲስ መለዋወጫ ዋጋ መጠየቅ ራሱ ድፍረት ይጠይቃል። ስለዚህ እንደ ሁላችሁም ያገለገለ የመኪና እቃ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሄድኩ።

ሶማሌ ተራን ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ይከብዳል። ስፖኪዮው የጠፋበት ሰውዬ እዚያ ሄዶ የገዛ ስፖኪዮውን ተከራክሮ ገዛ የሚባለውን ቀልድ ግን ሁሉም ሰምቷል። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ደረስኩ። ገና ከታክሲ ሳልወርድ አንዱ ደላላ "አለቃ ምን ፈለግክ?" አለኝ፤ ኢንተርኩለር ስለው ሳያቅማማ እጄን ይዞ ወሰደኝ። ሱቁ በር ላይ እርስ በርስ የተደራረቡ ራዲያተሮች፣ ኮንደንሰሮችና ሦስት ኢንተርኩለሮች ነበሩ። ሻጩ አንዱን አንስቶ "ይሄ ዲማክስ ነው ወንድሜ" አለኝ። አጠገቡ ያለው ልጅ በዚያው ቅጽበት "ሬንጀር ነው" አለ። ተያዩ። እኔ እንኳን የየትኛውም መኪና ይሁን ግድ የለኝም፤ የምፈልገው የሚስማማ ቁመትና ስፋት ነበር። በሜትር ለካሁት፣ ከራዲያተሬ ፊት ይገባል። 15,000 ተብሎ 9,000 ላይ ተስማማን።

ጫፎቹ ግን ጥቁር ፕላስቲክ ነበሩ። እዚህ ላይ ልብ በሉ። መሃሉ አሉሚኒየም ሆኖ ጫፎቹ ፕላስቲክ የሆነ ኢንተርኩለር ላስቲክ ገብቶበት ዙሪያውን በአሉሚኒየም ጥርስ ተነክሶ የተያዘ ነው። መኪናው ሲጋጭ ያ ጥርስ ትንሽ ይከፈታል፤ በዓይን አይታይም። "በውሃ እንፈትነው" አልኩት። "ውሃ ከየት ይመጣል እዚህ? የሚያፈስ እቃ አንሸጥም፤ ካፈሰሰ አምጣው" አለኝ። አመንኩት። ቸኩዬም ነበር።

ልደታ ያለው ጎሚስታችን ጋ ወሰድኩት። አንዱን አፍ በእንጨትና በጎማ ላስቲክ ደፈንን፣ በሌላው አየር የሚገባበት ነገር ሠራን፣ ሳፋ ውስጥ ነከርነው። አየሩ 1 ባር ሳይሞላ ከፕላስቲኩና ከአሉሚኒየሙ መገናኛ እንደተነቀነቀ ለስላሳ መጠጥ አረፋ ይወጣ ጀመር። ጎሚስታው ምንም አላለም። ብቻ ሳቀ።

በማግስቱ ተመለስኩ። "ትናንት ደህና ነበር፤ አንተ መትተኸው ይሆናል" አለኝ ሻጩ። ሁለት ሰዓት ያህል ተጨቃጨቅን። ገላጋያችን ከጎን ያለው ሱቅ ባለቤት ሆኑ፤ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፣ ወንበራቸውን ይዘው መጥተው መሃላችን ቁጭ አሉ። "ጋሼ እርስዎ ይፍረዱ" አልናቸው ሁለታችንም። "ልጁ ብሩን ይዞ አልመጣም፣ እቃውን ይዞ ነው የመጣው። ሌላ ስጠው፣ እሱም ትንሽ ይጨምር" አሉ። በቃ፣ ተፈረደ። 4,000 ብር ጨምሬ ከእግር እስከ ራሱ አሉሚኒየም የሆነ ሌላ ኢንተርኩለር ወሰድኩ። በዚህኛው ግን ሳይፈተን ብር አይወጣም አልኩ። ውሃ የያዘ ጎሚስታ ለካ ከሱቁ ሠላሳ እርምጃ ላይ ነበር! ለሱቁ ከ5 ላይ 2 እሰጣለሁ። አንዱ ነጥብ ለጋሼ ነው።

ሁለተኛው አላፈሰሰም። ቤት ወስጄ ስዘቀዝቀው ግን ጥቁር ዘይት አንድ የሻይ ብርጭቆ ያህል ወጣ፤ ፀሐይ ላይ ሳየው ያብለጨልጫል። ይህ ማለት የቀድሞ መኪናው ተርቦ ሞቶ ብረቱን ፈጭቶ እዚህ ውስጥ ተፍቶታል ማለት ነው። እንዲሁ ብገጥመው ያ የብረት ዱቄት በቀጥታ ወደ ሲሊንደር ይገባ ነበር። ዘይቱ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ናፍጣ ሞተር በአየር መስመሩ በኩል ዘይት ካገኘ እንደ ነዳጅ ይበላዋል፤ ቁልፍ ብታጠፉም አይጠፋም፣ ዘይቱ እስኪያልቅ ወይ ሞተሩ እስኪበተን ይከንፋል። ስለዚህ በነጭ ጋዝ ሞልቼ ሌሊቱን አሳደርኩት፤ በማግስቱ እያንቀጠቀጥኩ ደፋሁ። ሦስቴ ደጋገምኩት። ከዚያ በፈላ ውሃና በኦሞ፣ ከዚያ ንጹሕ ውሃ፣ ከዚያ ሁለት ቀን ፀሐይ። ነጭ ጋዙም ያው ይቃጠላልና ሽታው ሳይጠፋ እንዳትገጥሙ። ለዚህ ሁሉ 600 ብር ሄደ።

አሁን ወደ ሰውዬው እንምጣ፣ ወደ በያጁ። ከኢንተርኩለሩ ሁለት አፎች አንዱ ወደማልፈልገው አቅጣጫ ይዞር ነበር፤ ተቆርጦ መዞር ነበረበት። አሉሚኒየም ደግሞ ሰፈር ውስጥ በር የሚሠራው በያጅ አይነካውም፤ በአርጎን ጋዝ የሚሠራ ብየዳ ይፈልጋል። ተክለሃይማኖት አካባቢ አንድ ጠባብ ቤት ውስጥ የሚሠሩ ሰው ጠቆሙኝ። እቃውን ተቀብለው አፉ ውስጥ ጣታቸውን ከተቱ። አወጡት፣ አሸተቱት፣ ለእኔም አሳዩኝ። ጥቁር።

"አጠብኩት እኮ ጋሼ" አልኳቸው።

"እኔ ዘይት አልበይድም። አጥበህ አምጣ" ብለው መለሱልኝ።

ሦስቴ የታጠበ እቃ! ተናድጄ ሄድኩ፣ ግን አጠብኩት። ስመለስ ለምን እንደዚያ እንዳሉ አስረዱኝ። ዘይት ያልለቀቀው አሉሚኒየም ሲበየድ ይፈላል፣ ብየዳው እንደ እንጀራ ዓይን ይወጣዋል፤ ዓይን ያለው ብየዳ ደግሞ አየር ያሳልፋል። ሌላም ነገር ነገሩኝ። አሉሚኒየም ራሱ በ660 ዲግሪ ይቀልጣል፣ ላዩ ላይ ያለው ስስ ቆዳ ግን ከ2,000 ዲግሪ በላይ ካልሆነ አይነቃነቅም። ስለዚህ ቆዳው ሳይነሳ ውስጡ ቀልጦ ይፈርሳል። ቆዳውን በአዲስ የማይዝግ ሽቦ ብሩሽ ፈገፈጉት፣ በጋዝ ችቦ ትንሽ አሞቁት፣ ከዚያ ጭንብላቸውን አወረዱ። ሃያ ደቂቃ አልፈጀም። ብየዳው እንደ ተደረደረ ሳንቲም ነው፣ እያንዳንዱ በቀዳሚው ላይ ጋደም ያለ። ከዚያ ራሳቸው በርሜል ውስጥ ነክረው ፈተኑት። 3,500 ብር ተቀበሉኝ። 5 ከ5፣ ሳይበዛባቸው።

ኢንተርኩለሩ አለቀ፣ አሁን ቱቦ። ብሩ የሄደው እዚህ ነው፤ ማንም አስቀድሞ አልነገረኝም። ከተርቦ ወደ ኢንተርኩለር፣ ከኢንተርኩለር ተመልሶ ወደ ሞተር፣ በባትሪው ሥር፣ በራዲያተሩ ጎን። አሉሚኒየም ቱቦ ውድ ስለሆነ ማርሚታ የሚሠሩ ልጆች ጋ ሄጄ በጭስ ማውጫ ብረት አሠራሁት፤ ከነብየዳው 6,000 ብር። ብረት ይከብዳል፣ ግን ይሠራል። ችግሩ ከብየዳው ውስጥ በኩል የሚቀረው ቅርፊት ነው፤ ረጅም ሽቦ ላይ ብሩሽ አስሬ እያንዳንዱን መገጣጠሚያ ጠረግሁ፣ ከዚያ በኮምፕረሰር ነፋሁት። ቱቦዎቹን የሚያያይዘው ጎማ፣ ማኒኮቶው፣ ሲሊኮን መሆን አለበት፤ የራዲያተር ማኒኮቶ ለግፊትና ለዘይት አልተሠራም፣ ይነፋፋል። ስድስት ማኒኮቶ በ1,300፣ አሥራ ሁለት ማጥበቂያ ፋሸታ በ250። ሒሳቡን ሥሩት፣ ቱቦና ማያያዣው ብቻ 16,800 ብር ነው። ከኢንተርኩለሩ በለጠ።

ለመግጠም ፓራውልቱን አውርጄ ከውስጥ ያለውን ብረት በትንሹ ቆረጥኩ። ክላክሱ መንገድ ስለዘጋብኝ ፈታሁት፤ ኋላ ቦታ እፈልግለታለሁ ብዬ።

እሑድ ጠዋት ለሙከራ ቸርችል ጎዳና ወጣሁ። ከለገሃር ወደ ማዘጋጃ ያለውን ዳገት የመረጥኩት እሑድ ባዶ ስለሚሆን ነው። ሦስተኛ ማርሽ፣ ነዳጅ ሙሉ። የግፊቱ ጌጅ ሲወጣ፣ ሲወጣ፣ ልክ ፖስታ ቤቱ ጋ ስደርስ "ቡፍ!" አለ። ጉልበት ጠፋ፣ ከኋላዬ ሰማዩ ጠቆረ። በአጠገቤ ያለፈ ሚኒባስ ረዳት በመስኮት ወጥቶ "አባቱ፣ ባቡር ነው እንዴ?" አለኝ። ኮፈኑን ስከፍት አንዱ ማኒኮቶ ከቱቦው ወልቆ ተንጠልጥሏል። ፋሸታው ጠብቋል፣ ምንም አልሆነም። ቱቦው ግን ጫፉ ልሙጥ ነው፤ ማኒኮቶው የሚይዘው ከንፈር የለውም። የእኔ ጥፋት ነው፣ ለማርሚታ ልጆቹ አልነገርኳቸውም፤ ጭስ ማውጫ ከንፈር አያስፈልገው! ሰኞ በየጫፉ ዙሪያ ቀጭን የብየዳ መስመር አስዞርኩ፣ ሹሉን በሞረድ አለሰለስኩ። በነፃ ሠሩልኝ። ከዚያ ወዲህ አልወለቀም።

ውጤቱስ? ሁለት ገመድ ያለው ርካሽ ቴርሞሜትር አንዱን ከኢንተርኩለሩ በፊት፣ ሌላውን በኋላ አሰርኩ። ያው ዳገት፣ ያው ማርሽ፣ ውጪው 22 ዲግሪ። ሲገባ 97፣ ሲወጣ 43። የግፊቱ ጌጅ ከ0.62 ወደ 0.56 ባር ወርዷል፤ አየሩ በክንፎቹ መሃል ሲያልፍ የሚከፈል ነው፣ ብዙ አይደለም። ድሮ ከፖስታ ቤት በላይ ሁለተኛ እገባ ነበር፤ አሁን በሦስተኛ ወጣሁ። ፈረስ ሆነች ብዬ አልዋሽም፣ ያው ሰርፍ ናት። ጭሱ ግን በግልጽ ቀንሷል።

አንድ የከፋ ነገር አለ። ኢንተርኩለሩ የራዲያተሩን ፊት ስለሸፈነ ሜክሲኮ ጋ ትራፊክ ላይ ስቆም የሞተሩ ሙቀት መርፌ ከለመደው ቦታ ከፍ ይል ጀመር። በዚህ ሞተር ላይ ይህ ቀልድ አይደለም። ኢንተርኩለሩን ከራዲያተሩ በሦስት ጣት አራቅኩት፣ ጎንና ጎኑን ደግሞ ነፋሱ እንዳያመልጥ በፍራሽ ስፖንጅ ዘጋሁት። መርፌው ተመለሰ። ኢንተርኩለራችሁ ራዲያተሩን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ከሆነ አነስ ያለ ግዙ፤ ትልቅ ስለሆነ ብቻ አትውሰዱ።

ሁሉም ተገጥሞ ፓራውልቱ ሲመለስ አንድ ቡሎን አልተረፈም፤ ለእኔ ይህ ራሱ ታሪክ ነው። የተረፈው ክላክሱ ነው። ኢንተርኩለሩ ቦታውን ወስዶታል፣ ሌላ የሚገባበት ቀዳዳ እስካሁን አላገኘሁም፤ ስለዚህ ሰሞኑን ክፍት መስኮት ይዞ "ኧረ ዞር በል ወንድሜ!" እያለ የሚነዳ ሰርፍ ካያችሁ እኔ ነኝ።